የአንባቢያን ጥያቄ፦ የሳቢያኑ ሮክ ባንድና የሐረሩ ራፐር ለምን አልተግባቡም?

በዚህ ወር የደረሱን መልዕክቶች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ድሬና ሐረር ያሉ ልጆች ጊታርና ራፕ አንድ ላይ ማስኬድ ጀምረዋል። ደስ ይላል። ችግሩ ግን ሁሉም የጻፉልን ከተጣሉ በኋላ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ሙሉውን ለዚሁ ሰጥተነዋል። የፈረንጅ ዘፈኖችን ስጠቅስ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ 1

ሰላም ጋሼ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምንለማመድ አምስት ልጆች ነን። ሁለት ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ አንድ ዘፋኝ። ሮክ ነው የምንጫወተው። ሐረር ያለ አንድ ራፐር ቲክቶክ ላይ አየነውና ዘፈናችን ላይ እንዲገባ ጠየቅነው። እሱም አላቅማማም፣ በሳምንቱ ከች አለ። ልምምድ ላይ ግን አቦ ምን ልበልህ፣ የሚለው ነገር አንዱም አይሰማም። እሱ «እናንተ ትጮሃላችሁ» ይላል፣ ድራመራችን «እሱ ነው ቀድሞ የሚሮጠው» ይላል፣ ዘፋኛችን ደግሞ ጭራሽ አኩርፎ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ማነው ጥፋተኛው? ወሩ መጨረሻ ላይ የምረቃ ዝግጅት ላይ ልንጫወት ቃል ገብተናል።
ጊታሪስቱ፣ ከሳቢያን

መልስ

ማንም አላጠፋም። መልዕክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። ዘፈኑን ምንም ሳትነኩት ነው ራፐሩን የጨመራችሁበት። እናንተ የምትጫወቱት ዱሮ ዘፋኛችሁ ሲዘፍን የምትጫወቱትን ነው፣ እሱ ደግሞ ቤቱ ሆኖ በራሱ ቢት ላይ የጻፈውን ይዞ መጣ። ሞልቶ የተነሳ ሚኒባስ ላይ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ አንድ ሰው ይጭናል አይደል? እናንተ ጋ ሰውዬው ተሳፈረ፣ የተጠጋ ግን የለም።

ይህን ነገር በትልቁ ለዓለም ያሳዩት የራፕ ቡድኑ ራን ዲኤምሲና የሮክ ባንዱ ኤሮስሚዝ ናቸው። «ዎክ ዚስ ዌይ» መጀመሪያ የኤሮስሚዝ የ1975 ዘፈን ነው። በ1986 ፕሮዲውሰሩ ሪክ ሩቢን ሁለቱን አገናኝቶ እንደገና አሠራው። የራን ዲኤምሲ ልጆች መጀመሪያ አልፈለጉም ነበር። ዘፈኑን ሙሉውን እንኳ አያውቁትም፤ የሚያውቁት መግቢያው ላይ ያለችውን የድራም ምት ብቻ ነው፣ ዲጄው እሷን እያመላለሰ ያጫውታል፣ እነሱ በላይዋ ይራፓሉ፣ ጊታሩ ሳይገባ ሸክላው ይመለሳል። ሁለቱን ከቀላቀሉት በኋላ ግን አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ ሰንጠረዡ 4ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። የመጀመሪያው ቅጂ የደረሰው 10ኛ ላይ ነበር።

አሁን ልብ በል። ኤሮስሚዝ አምስት ሰው ያለው ባንድ ነው። ለዚያ ቀረጻ ስቱዲዮ የገቡት ግን ሁለት ብቻ ናቸው፣ ዘፋኙ ስቲቨን ታይለርና ጊታሪስቱ ጆ ፔሪ። ድራመሩም ቤዚስቱም ሁለተኛው ጊታሪስትም የሉበትም። «የሮክ ባንድና የራፕ ጥምረት» እየተባለ ሲወራ ሰው ሁለት ሙሉ ቡድን ተደራርቦ የተጫወተ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ግማሹ ባንድ ቀርቶ ነው የተሳካው። ሁለተኛ፣ የዋናው ዘፈን ስንኝ ራሱ ዜማ የሌለው ያህል ነው፣ ታይለር ቃላቱን እንደ ከበሮ ነው የሚደረድራቸው። ሩቢን ይህን ነው ያየው። ከእናንተ ዘፈኖች መካከልም ለራፕ የሚመች ይኖራል፣ የማይመችም ይኖራል። የትኛውን መረጣችሁ? የምትወዱትን ከሆነ የመረጣችሁት፣ ምናልባት የተሳሳተው እሱ ይሆናል።

ወደ ድራመራችሁ ልምጣ። ራፐሩ ቀድሞ ይሮጣል ያለው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ምክንያቱን ስልክ ላይ ባለ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ለኩት። ብዙ ራፕ በደቂቃ ከ85 እስከ 95 ምት ባለው ውስጥ ነው የሚጻፈው። 90 ላይ አንድ ምት ውስጥ አራት ፊደል ካስገባ፣ በሰከንድ 6 ፊደል ይላል ማለት ነው። ይሰማል። ሮክ ባንድ ደግሞ 140 ላይ መሄድ ይወዳል። ያንኑ ግጥም እዚያ ላይ ስታስቀምጠው በሰከንድ ከ9 በላይ ይሆናል። ይህን እንኳን ሰው ጂኒም አይለውም። መፍትሔው ዘፈኑን ማቀዝቀዝ አይደለም፣ ያኔ ሮክነቱ ይሞታል። ድራመሩ ስንኙ ላይ ሲደርስ ስኔሩን (ጠንከር ያለ ቀጭን ድምፅ ያለውን ከበሮ) ከአራቱ ምት 2 እና 4 ላይ ከመምታት 3 ላይ ብቻ ይምታ። ፍጥነቱ ያው 140 ነው፣ ጆሮ ግን 70 አድርጎ ይሰማዋል። ራፐሩ በምት ሁለት ፊደል ይበል። አዝማቹ ሲመጣ ድራመሩ ወደ 2 እና 4 ይመለስ፣ ያኔ ቤቱ ይነሳል። ይቺን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ግማሹ ጠብ ያልቃል።

ሌላው ግማሽ ያለው በአንተ እጅ ነው። አዎ፣ በጊታሪስቱ። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ነገር) ያለው ጊታር ከሁሉም በላይ የሚጮኸው የሰው ንግግር ግልጽ በሚሆንበት ቦታ ላይ ነው፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ አካባቢ። ፊደሎቹ የሚለዩት እዚያ ነው። «ሰ» ከ«ሸ»፣ «ተ» ከ«ጠ»። ስለዚህ የራፐሩ ድምፅ ቢጨመር ቢጨመር ከጊታሩ ጋር መገፋፋት ብቻ ነው። ሁለታችሁም ጊታሪስቶች ስንኙ ላይ አንድ ዓይነት ኮርድ ከያዛችሁ ደግሞ ምንም ቀዳዳ የለም። አንዳችሁ ዝም በሉ። ሌላኛችሁ ክሮቹን በመዳፍ ጠር አድርጎ አጭር አጭር ምት፣ በዚያም ላይ ዲስቶርሽኑን ግማሽ ያድርገው። ቤዝና ድራም ራፐሩን ይሸከሙት። ከዚያ አዝማቹ ላይ ሁለታችሁም ተለቀቁ። ስንኙ ላይ ስላልተጫወታችሁ አዝማቹ እጥፍ ከባድ ይመስላል፣ እናንተም ትገረማላችሁ።

የሮክ ባንዱ ሊንኪን ፓርክና ራፐሩ ጄይ ዚ በ2004 የሠሩትን ስማ። ስድስት ዘፈን ነው፣ አንዱ «ነምብ/ኢንኮር» በ2006 ግራሚ ወስዷል። በዚህኛው ላይ ጄይ ዚ ሲራፕ ከባዱ ጊታር የለም ማለት ይቻላል። የኪቦርዱ ዜማና ድራሙ ነው የሚሸከመው።

«አንትራክስስ?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ልክ ነው። የሮክ ባንዱ አንትራክስና የራፕ ቡድኑ ፐብሊክ ኢነሚ በ1991 «ብሪንግ ዘ ኖይዝ»ን ሲሠሩ ጊታሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አላረፈም፣ ግን ይሰማል። ሁለት ምክንያት አለው። ጊታሩ ከድራሙ ጋር ተቆልፎ ነው የሚሄደው፣ በመሃል የሚንዘላዘል ድምፅ የለውም። ሌላው የፐብሊክ ኢነሚው ራፐር ቻክ ዲ ነው። የእሱ ድምፅ ግድግዳ ይሰነጥቃል። የሐረሩ ልጅ እንዲህ ያለ ድምፅ ካለው የጻፍኩትን ሁሉ እርሱት።

የአማርኛው ጉዳይ ለብቻው ነው፣ ትንሽ ልቆይበት። እኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለምናስቀምጥ ቤት መምታት በጣም ርካሽ ነው። ሁሉንም መስመር በ«ሁ» ወይም በ«አል» መዝጋት ይቻላል፣ ሕፃንም ያደርገዋል። በቢት ላይ ብቻ ሲሆን ያልፋል፤ ከኋላ ባንድ ሲኖር ግን መስመሩ መጨረሻ ላይ ድራመሩም ሲምባል ይመታል፣ ጊታሩም ይዘጋል፣ ራፐሩም እዚያው ይዘጋል፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይወድቃል። አድማጭ ከአራት መስመር በኋላ ይሰለቻል። ራፐሩን ቤቱን መስመሩ መሃል ላይ እንዲመታ ንገሩት፣ ከዚያ ግሡ ያለ ቤት ይለቅ። ደግሞም በእኛ ቋንቋ ጠብቆ የሚነበብ ፊደል ጊዜ ይፈልጋል። ፍጥነት ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠፋው ጥብቀቱ ነው፣ ያኔ ትርጉሙም አብሮ ይሄዳል። ከኋላ ያለው ሰው «ምን አለ?» ብሎ ጓደኛውን ሲጠይቅ ስንኙ አልፏል።

አንድ የድሬ ነገር ልጨምር። ራፐሩ ከሐረር የሚወርደው ከጊታሪስት ጓደኛው ጋር ከሆነ፣ ሐረር ላይ ቃኝቶት የመጣውን ጊታር አትመኑት። በደንገጎ ወርዶ ድሬ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ክሩ ይሞቃል፣ ይላላል፣ ቃናው ይወርዳል። ከመድረክ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ይቆይና ከዚያ ይቃኝ። አምፑም መድረኩ ላይ ካለው መብራት ራቅ ይበል።

ዘፋኛችሁ ስላኮረፈ፦ እሱን አስቡበት። ራፐሩ ሲገባ የእሱ ስንኝ ነው የተወሰደበት። አዝማቹን ሙሉ ለሙሉ ለእሱ ስጡት፣ የመጨረሻውን ዙር ደግሞ ሁለቱ ይመላለሱበት። እስከ ምረቃው ድረስ የሚቀጥሉትን ልምምዶች አምፕ ሳትከፍቱ አድርጉ፣ ድራመሩ በጉልበቱ ላይ ይምታ። እዚያ ላይ የማይሰማ ቃል አዳራሽ ውስጥም አይሰማም።

ጥያቄ 2

ሐረር ነኝ፣ ሸዋ በር አካባቢ። ራፕ እጽፋለሁ። አንድ ባንድ 16 ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) ጻፊልን አሉኝ፣ ጻፍኩ፣ ስቱዲዮ ገብቼ ቀዳሁ። አሁን በእነሱ ዩቲዩብ ቻናል ሊለቁት ነው። ርዕሱ ላይ የእኔ ስም የለም፣ ከታች ዲስክሪፕሽን ውስጥ ነው ያስገቡኝ። ስለ ብር ሳነሳ «አንቺ እኮ ፊቸሪንግ (በእንግድነት የገባሽ) ነሽ» ተባልኩ። ፊቸሪንግ ማለት በነጻ ማለት ነው እንዴ?
ራፐሯ፣ ከሐረር

መልስ

አይደለም፣ እህቴ። ፊቸሪንግ የሚለው ቃል ሕግ ውስጥ የለም። ሕጉ የሚያውቀው ማን ጻፈው፣ ማን አቀናበረው፣ ማን ተጫወተው የሚለውን ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። ሥራው ያንቺው ከሆነና ተጽፎ ወይም ተቀድቶ ከተቀመጠ፣ ምንም ምዝገባ ሳያስፈልግ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መብትሽ ነው። ግጥሙን ደብተር ላይ ጽፈሽ ቀን አድርገሽበት ከሆነ፣ ወይም በቴሌግራም ልከሽላቸው ከሆነ፣ እሱን እንዳታጠፊ። ስምሽ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብትም አዋጁ ይሰጥሻል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው አብሮ የሠራው ሥራ ደግሞ የጋራ ነው፤ ጥበቃው ጸሐፊው በሕይወት እስካለና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ በጋራ ሥራ ላይ 50ው የሚቆጠረው ከመጨረሻው ሰው ሞት ነው። የልጅ ልጆችሽም ሊከራከሩበት ይችላሉ እንግዲህ።

ይህን ሁሉ ይዘሽ ግን መጀመሪያ ጠበቃ ጋ አትሂጂ። ለባንዱ መሪ በአካል ንገሪው፣ ስልክ ላይ አይሆንም፣ ቡና አብራችሁ ጠጡና ተነጋገሩ። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የዘፈኑ ርዕስ። ግጥሙን ማን ጻፈ፣ ዜማውን ማን፣ ቅንብሩን ማን። ርዕሱ ላይ የሁለታችሁ ስም እንዴት እንደሚቀመጥ። በየትኛው ቻናል እንደሚለቀቅ፣ ከዚያ የሚመጣ ገቢ እንዴት እንደሚካፈል። መድረክ ላይ ሲጠራ ያንቺ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ ትራንስፖርትና ማደሪያ ማን እንደሚችል። ሁላችሁም ፈርሙበትና ፎቶ አንስታችሁ ለሁሉም ይላክ።

ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። አንቺ በሌለሽበት ባንዱ ዘፈኑን መድረክ ላይ ሲጫወት ያንቺን 16 ባር ማን ይለዋል? ዘፋኙ ሊለው ይችላል? በስልክ የተቀዳ ድምፅሽን ሊያጫውቱት ይችላሉ? ወይስ ይዘለላል? ይህን ጻፉት። እኔ የማውቃቸው ጠቦች በብዛት የተነሱት ከዩቲዩብ ብር አይደለም፣ ከዚህ ነው። አንዷ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ የራሷን ስንኝ ሌላ ሰው እያበላሸ ሲለው ሰምታለች፣ ያውም ሰው እያጨበጨበለት።

ስምሽ ርዕሱ ላይ እስኪገባ ድረስ ደግሞ ቪዲዮውን በገጽሽ አታጋሪ። ልጆቹ ተመልካችሽን ነው የፈለጉት፣ ይህንን አንቺም ታውቂያለሽ።

ጥያቄ 3

ከዚራ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሳውንድ ማን ነኝ። ሠርግ ላይ ችግር የለብኝም። ሮክ ባንድ ከራፐር ጋር ሲመጣ ግን ማይኩ ያፏጫል፣ ጊታሩ ያጉረመርማል፣ የባንዱ ልጆችም የባለ አዳራሹም ሰው እኔ ላይ ይጮሃል። ማይኩን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ።
ሳውንድ ማኑ፣ ከድሬዳዋ

መልስ

ማይኩን አትቀይር፣ የራፐሩን እጅ ቀይር። ራፐሮች ማይኩን ጭንቅላቱ ላይ በእፍኝ ጨብጠው መያዝ ይወዳሉ፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ግን እነዚህ የድምፃዊ ማይኮች፣ ሹር ኤስኤም 58 በለው ሌላም በለው፣ ከፊት ያለውን ድምፅ ወስደው ከኋላ የሚመጣውን የሚቀንሱት ከወንፊቱ ኋላ ባለው ክፍት በኩል አየር ስለሚገባ ነው። መዳፍ እሱን ሲዘጋው ማይኩ ከሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል። ሞኒተሩን (ለተጫዋቹ መድረክ ላይ የተቀመጠውን ስፒከር) ይሰማል፣ ድራሙን ይሰማል፣ ያኔ ፉጨቱ ይመጣል። ቃሉም ይታፈናል። ስለዚህ ጠብ ሳታነሳ፣ ከዝግጅቱ በፊት ለብቻው ጠርተህ «ወንድሜ፣ እጀታውን ብቻ ያዝልኝ፣ ድምፅህ በእጥፍ ይወጣል» በለው። «በእጥፍ» የምትለዋን አትርሳ፣ ራፐር እሱን ሲሰማ ይታዘዛል።

ሞኒተሩ ከማይኩ ጀርባ ትይዩ፣ ራፐሩ ፊት ለፊት ይሁን። ከንፈሩ ከወንፊቱ ሁለት ሦስት ጣት አይራቅ። ሚክሰሩ ላይ የድምፁን ወፍራም ጫፍ ከ100 ኸርዝ በታች ቁረጠው፣ ጊታሮቹን ደግሞ 3,000 አካባቢ ትንሽ ዝቅ አድርጋቸው። የጊታር አምፖቹ ሕዝቡን ፊት ለፊት አይዩ፣ ወደ ጎን አዙራቸው። አዳራሽህ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከሆነ ባዶውን ስትሞክረው የሚሰማህን አትመን፣ ሰው ሲገባ ድምፁ ይለዝባል፤ ከኋላ ግድግዳው ላይ ወፍራም መጋረጃ ብትሰቅል ግን ትልቅ ለውጥ አለው። ጊታሩ «እምምም» የሚል ከሆነ አምፑና ሚክሰሩ ከአንድ ሶኬት መስመር መብራት እንዲወስዱ አድርግ። የመሬት መስመር (አርዝ) የሆነውን የሶኬት ጥርስ ቆርጦ ጉምጉምታውን የሚያጠፋ ሰው ካየህ ግን አባረው፣ ማይክ የያዘ ልጅ ከንፈሩ ላይ ነው መብራቱ የሚይዘው።

ጥያቄ 4

የጤና ይስጥልኝ። የ18 ዓመት ልጄ ጊታር ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ሌሊት ተሌት ይጮሃል፣ አሁን ደግሞ በፍጥነት የሚያወራ ልጅ አምጥተዋል። እኔ የአሊ ቢራን ዘፈን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ይህ ነገር ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል? ልከልክለው ወይስ ልተወው?
አንድ አባት፣ ከለገሃሬ

መልስ

ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ ስለ ሌሊቱ፦ እሱ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አምፕ እንዳይከፈት ይበሉ፣ ጎረቤትም ሰው ነው። ድሬ ላይ ቀኑ ስለሚሞቅ ልጆቹ ማታውን ይመርጣሉ፣ ግን ከ11 እስከ 2 ሰዓት ይበቃቸዋል።

ስለ ሙዚቃው ግን አሊ ቢራን ስላነሱ ደስ ብሎኛል። አሊ እዚሁ ድሬ ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ አፍራን ቀሎ ቡድን ውስጥ ነው የጀመረው። ዑድ ተጫውቷል፣ ጊታር ይዟል፣ በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ ዘፍኗል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ሲያርፍ የተቀበረውም እዚሁ ነው። በዘመኑ ጊታርና ዑድ ይዞ መዞሩን የማይወድ አባት እንደነበረ መቼም አያጡትም።

ሁለተኛ፣ ልጅዎ ብዙ ጊዜ የሚለማመደው ቅኝት የፈረንጅ ብቻ አይደለም። የሮክ ጊታሪስት ሁሉ መጀመሪያ የሚማራት አምስት ድምፅ ያላት ቅኝት አለች። ያቺው ናት የእኛዋ ባቲ ማይነር። ሁለቱን ከአንድ ድምፅ ብታስነሷቸው እርምጃቸው አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ አንድ ምሽት ክፍሉ ገብተው «ባቲ ተጫወትልኝ» ይበሉት። ካላወቃት ያፍራል፣ ካወቃት እርስዎ ይገረማሉ። ጃኖ ባንድም በከባድ ጊታር ላይ የእኛን ቅኝት ይዞ ነው «ኤርታሌ» የሚለውን አልበም ከአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል ጋር የሠራው።

በፍጥነት ስለሚያወራው ልጅ ደግሞ፣ ፉከራ ሰምተው ያውቃሉ፤ ሐረርጌ ገጠር ሄደው ከሆነ ገራርሳም ሰምተዋል። ሰው ቆሞ፣ ያለ ብዙ ዜማ፣ ቃል እየደረደረ ራሱን ሲያሞግስና ሌላውን ሲወጋ። ራፕ ከዚያ ወጣ እያልኩ አይደለም፣ የወጣው ከኒው ዮርክ ነው። ግን ለጆሮዎ ያን ያህል ባዳ አይሆንም። ባይሆን ግጥሙን በወረቀት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ስድብ ካለበት ያኔ አባትነትዎን ይጠቀሙ።

አይከልክሉት። ቢከለክሉትም ጊታሩ ጓደኛው ቤት ይሄዳል፣ ያኔ ሰዓቱንም አያውቁትም።

ጥያቄ 5

ሮክና ራፕ አብረው የሚሄዱበትን ለመስማት ከየት ልጀምር? ዳታ ብዙ የለኝም።
ተማሪ፣ ድሬዳዋ

መልስ

ዳታ ካነሰህ በአንድ ቀን አራት ዘፈን ይበቃሃል። «ዎክ ዚስ ዌይ»ን የ1975ቱንና የ1986ቱን አከታትለህ ስማ፣ ከዚያ የአንትራክስና የፐብሊክ ኢነሚን፣ ከዚያ «ነምብ/ኢንኮር»። ሬጅ አጌይንስት ዘ ማሽን የ1992 አልበማቸው ጥሩ ነው፣ ግን እነሱ ራፐራቸው የባንዱ አባል ስለሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ከመጀመሪያው አብረው ነው የጻፉት።

ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስታገኝ ደግሞ በ1993 የወጣውን የ«ጀጅመንት ናይት» ፊልም ሙዚቃ አውርድ። አሥራ አንድ ዘፈን ነው፣ እያንዳንዱ ላይ አንድ የሮክ ባንድና አንድ የራፕ ቡድን ተጣምረዋል። ስሌየር ከአይስ ቲ ጋር፣ ፐርል ጃም ከሳይፕረስ ሂል ጋር፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሁሉም አልተሳካም። እንዲያውም ያልተሳኩትን ነው በደንብ ስማቸው የምልህ። የጆሮ ማዳመጫ አድርገህ ራፐሩ ሲገባ ጊታሩ የት እንደሚሄድ ብቻ ተከታተል። ቦታውን ሳይለቅ እዚያው ከቀጠለ፣ ቃሉ መቼ እንደሚጠፋህ ራስህ ትይዘዋለህ። ከዚያ ጻፍልኝ፣ በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።